የሰማንያ ቀን ሹራብ

አፀደ አንገቷን ደፍታ ሹራብ ስትሠራ ላያት የዋህ ትመስላለች። የኦሎምፒያ ሰፈር ግን ግትርነቷን አሳምሮ ያውቀዋል። ሟች ባሏ፣ «እሷ የቋጠረችውን የሚፈታ ገና አልተወለደም» ይል ነበር።

በሰባ አምስት ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ያዘዛት ሁለት ሥራ እጇ ላይ ነበር። አንደኛው ለሕፃናት ማቆያ የሚሆን፣ ከልብስ ሰፊ ቤት ከተለቀመ ቁርጥራጭ የተቀጣጠለ ደሪቶ ነው። ሌላው ለዘማች የሚላክ አመድማ ሹራብ ነው፤ አንድ እጅጌ ብቻ ቀርቶታል። ሁለቱንም ወድዳ ነው የሠራችው። ሕፃን ይበርደዋል፤ ዘማችም የሰው ልጅ ነው። ያንገሸገሻት ቀጣዩ ነው፤ ለአብዮት በዓል መፈክር የተጠለፈበት የግድግዳ ጌጥ ሊያሠሯት አስበዋል።

የእሷ ልብ ያለው ሌላ ዘንድ ነበር። ጎረቤቷ አለም አራስ ናት። ባሏ ገብረኣብ «ከወንበዴ ጋር ይጻጻፋል» ተብሎ ከተወሰደ አምስት ወሩ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ሕፃኗ አሥራ ሦስት ቀን ሲቀራት የክርስትና እናት አልተገኘላትም። ቃል ገብታ የነበረችው ወርቅዬ አባትየው ሲታሰር «ወገቤን ያመኛል» ብላ አፈገፈገች። ወገብና ክርስትና ማንሳት ምን እንደሚያገናኛቸው እግዜር ይወቀው።

አፀደ ለሕፃኗ የክርስትና ሹራብ ቤቷ ተደብቃ ብትሠራ ማንም አያይባትም ነበር። ግን ተደብቆ የሚዛመዱት ዝምድና ምን ዝምድና ነው?

እሑድ ማኅበርተኞቹ ሥራቸውን ይዘው ቀበሌ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ሊቀ መንበሯ ጓድ ፀሐይነሽ መዝገብ ዘርግታ የእያንዳንዷን ቀጣይ ዕቅድ ትጽፋለች። አንዷ ካልሲ፣ አንዷ ኮፍያ አለች።

«ጓድ አፀደ፣ የግድግዳውን ጌጥ ልጻፍልዎ?»

አፀደ የአመድማውን ሹራብ የመጨረሻ ዙር ቋጨች። «ነጭ የሕፃን ሹራብ ብለሽ ጻፊ። ለክርስትና። ለገብረኣብ ልጅ።»

ፀሐይነሽ ብዕሯን ከመዝገቡ አነሳች።

«የማን ልጅ እንደሆነች ያውቃሉ?»

«አሁን ነገርኩሽ እኮ። የክርስትና እናቷም እኔ ነኝ፤ እሱንም ጨምሪበት።»

«ለፀረ አብዮተኛ ልጅ የማኅበሩ ክር አይወጣም!»

«ማን ለመነሽ?»

ይህን ብላ የለበሰችውን ነጭ ሹራብ አወለቀች። ባሏ የገዛላት፣ ለዓመት በዓል ብቻ የምትለብሰው ነው፤ ዛሬ ግን አስባበት ለብሳው መጥታለች። ጠርዙን በጥርሷ በጠሰችና ትተረትረው ጀመር። ክሩ ጭኗ ላይ ተከመረ።

የተተረተረ ክር ደግሞ ቶሎ ካልተጠቀለለ ይወሳሰባል፤ ለመጠቅለል ሁለት እጁን የሚዘረጋ ሰው ያስፈልጋል። አፀደ አጠገቧ ወደተቀመጠችው ወርቅዬ ዞረች። ወርቅዬ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። የቀሩትም መሬት መሬቱን አዩ።

«የሚያግዛት ሰው ስሙ ይመዘገባል!» አለች ፀሐይነሽ።

አፀደ ፈራች። ጭኗ ላይ የተከመረው ክርም መጠላለፍ ጀመረ። ግን አንድ እጅጌ ተርትራ ጨርሳለች፤ ከእንግዲህ ወዴት ይመለሳል? ሁለተኛውን ያዘች።

ከኋላ ወንበር ተንኳኳ። ካልሲ እሠራለሁ ያለችው ፈዲላ ነበረች፤ በዓመት አንዴ እንኳ ድምፅ የማታሰማ ሴት። መጥታ አፀደ ፊት በርከክ አለችና ሁለት እጇን ዘረጋች።

«ፈዲላ ነው ስሜ» አለች ወደ ሊቀ መንበሯ ሳትዞር፤ «እንዳትሳሳቺ።»

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እትዬ አፀደ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ክርስትና ማንሳት አልችልም። እጅ ግን አለኝ።»

አፀደ ክሩን በፈዲላ እጆች ላይ ማዞር ጀመረች።