የአውሎ ነፋሱ ሁለተኛ ግድግዳ

ልጅ ሳለሁ፣ ደብረ ታቦር ላይ፣ በሰፈራችን ባሕር አይቶ የመጣ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ምጽዋ ላይ መርከበኛ የነበሩት አያ ደምሴ። ያኔ ማታ ማታ የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን ምድጃው ዳር ስንሰበሰብ፣ ፍሙን ገፋ አድርገው አመዱ ላይ በእንጨት ክብ ይሥሉልን ነበር።

«አየሽ፣ መሀሉ የአውሎ ነፋሱ ዓይን ነው፤ ጸጥ ያለ። ዙሪያውን እንደ ግድግዳ የቆመው ደመና ነው መርከብ የሚሰብረው» ይሉና፣ ከውጭ ሌላ ክብ ይጨምራሉ። «ይኸኛው ኋላ የበቀለ ነው። ካፒቴናችን እንዳስረዳን፣ ከባሕሩ የሚነሣውን ሙቀትና እርጥበት ቀድሞ እየጠጣ የውስጡን ያስርበዋል። የውስጡ ሲፈርስ ነፋሱ ይላላል። አለፈ ብሎ ከመርከቡ ሆድ የወጣ ጓደኛዬ እንደወጣ ቀረ። አዲሱ ግድግዳ ወደ መሀል እየጠበበ ከቀድሞው ብሶ መጣ።»

ለእኔ ግን መሀል የተቀመጠው የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ነበር፣ ግድግዳውም ታጣቂዎቹ። አባቴን ወስዶ አስገድሎታል። ታላቅ ወንድሜን አበባውንም እያሳደደው፣ እኛ ባዶ ጎታ ውስጥ ደብቀነው ነበር። ሌላ ግድግዳ መጥቶ ያንን ሰው እንዲያንቀው ሌት ተቀን እጸልይ ነበር።

መጣም። ከአውራጃ የተላከ ካድሬ የራሱን ታጣቂዎች አስከትሎ ገባ፤ በቀበሌ የሚታደለው ስኳርም ጥይቱም በእነሱ እጅ ሆነ። የሊቀ መንበሩ ሰዎችም እየከዱት ወደዚያው ዞሩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እጁን የኋሊት አስረው በደጃችን ሲነዱት እናቴ እልል አለች። እኔም ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ።

አበባው ከጎታው ወጣ። አያ ደምሴ በሩ ላይ ተጋርጠው ቆሙ።

«አትውጣ! ነፋሱ ላላ እንጂ መቼ አለፈ!»

«ይልቀቁኝ አያ፣ ፊቱ ላይ ልትፋበት።»

«ይተዉት አያ፣ የአባቱ ደም እኮ ነው» ብላ እናቴ በሩን ከፈተችለት።

ተፋበት። ምራቁ ሳይደርቅ አዲሶቹ ታጣቂዎች፣ ለካ እነሱም ይፈልጉት ኖሮ፣ ይዘው ከዚያው ከሊቀ መንበሩ ጋር በአንድ ገመድ አስረው ወሰዱት። አልተመለሰም። አያ ደምሴም ከዚያ ወዲህ አመዱ ላይ አልሣሉም።

ከተረታቸው የቀረልኝ መጠበቅ ነው። ደርግ የወደቀ ዕለት ከተማው ሲጨፍር፣ እናቴን በር ላይ ተጋርጬ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። ካድሬውን ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሐሙሲት ገበያ ላይ፣ አርጅቶ ነው። ዙሪያውን ደጋግሜ አየሁ፤ ከአጠገቡም ከኋላውም የቆመ ሰው አልነበረም። ያኔ ቀርቤ የወንድሜን ስም ነገርኩትና ተፋሁበት።