ከአስር የሚጀምረው ሜትር

መርፌ ያሏት ለቅጥነቷ አይደለም። ቀጭን ሆና አታውቅም፤ ሦስተኛዋን ከወለደች ወዲህማ ተዉት። ስሙን ያወጡላት አብረዋት የደንብ ልብስ የሚሰፉት ሴቶች ናቸው፣ ምላሷን አይተው። አለቃቸው የሰፋችውን ሸሚዝ ለብሶ በሠራተኛው ሁሉ ፊት «ይሄ ኮሌታ ጠሟል» ቢላት፣ «ኮሌታውስ ደህና ነው፣ አንገትዎን ቀና ያድርጉት» አለችው። ሰውየው አንገቱን ቀና አደረገ። ኮሌታውም ተስተካከለ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ እናቷ ባወጣችላት ስም የሚያውቃት መታወቂያዋ ብቻ ነው።

የሩጫው ነገር የተጀመረውም እዚያው ስፌት ቤት ነው። ለግማሽ ማራቶን ውድድር ሁለት ሺህ ካናቴራ እንዲሰፉ ታዘዙ። ትልልቁን ቁጥር የምትሰፋው እሷ ነበረች። አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋ አንዱን አንስታ በሁለት እጇ ዘረጋችውና፣ ይሄን የሚሞላ ሰው ይሮጣል ወይስ ይነዳል ብላ ቤቱን በሳቅ ገደለችው። መርፌም አብራ ሳቀች። ከዚያ ካናቴራውን ተቀበለቻትና ከልብሷ በላይ አጠለቀችው። ልክክ አለላት። በምሳ ሰዓት ሄዳ ተመዘገበች።

ማታ ወሬውን ይዛ ወደ ሕንፃቸው ገባች። የዚያ ሕንፃ ደረጃ ጋዜጣ ማለት ነው፤ አንደኛ ፎቅ ላይ ያነጠሰ ሰው፣ ወሬው አራተኛ ፎቅ ሲደርስ ሆስፒታል ገብቷል። የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ ደግሞ የባሏ ታላቅ እህት ናት። ትልቁም ትንሹም እትዬ ይላታል።

እትዬ ዜናውን ሰምታ አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻል ነበር። «አንቺ? ጀምረሽ የጨረስሽው ነገር አለ?» አለችና ጣቷን መቁጠር ያዘች። የማታ ትምህርት፤ ዓመቱ ሳያልቅ ቆመ። መንጃ ፈቃድ፤ ጽሑፉን አልፋ የተግባሩ ቀን ሳትሄድ ቀረች። የኮምፒውተር ሥልጠና፤ መክፈትና መዝጋት ተምራ ተመለሰች። ለባሏ የጀመረችው ሹራብ፤ ባለ አንድ እጅጌ ነው፣ ወንድሜ ግራ እጁን እስከ ዛሬ ይበርደዋል። በመጨረሻ አውራ ጣቷ ላይ ደርሳ፣ «የጨረስሽው እርግዝናሽን ብቻ ነው። እሱም ራሱ ስለሚወጣ» አለቻት።

ስድብ ቢሆን መርፌ መልሱን ታውቅበታለች፤ ይሄ ግን እውነት ነበር። ትምህርቱ የቆመው የመጀመሪያዋ ስትወለድ ነው፣ መንጃ ፈቃዱ የቀረው ልጁ ሲያተኩሰው። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ በሁለት ሳምንት አንዴ ብቅ ይላል፣ ልብሱ ታጥቦ እስኪደርቅ ቆይቶ ይሄዳል። ሁሉም ምክንያት ነበረው። ግን ምክንያት ደረጃ ላይ ማን ይሰማል። ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋችና፣ ይሄን አንድ ነገር ሰማይ ቢደፋ እጨርሰዋለሁ ብላ ለራሷ ቃል ገባች።

የውድድሩ ሕግ አጭር ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ለመኪና ይከፈታል፣ መዝጋቢዎቹም ቅጻቸውን ይዘጋሉ። በሁለት ሰዓት ተኩል ያልደረሰ ሰው እንዳልጀመረ ነው የሚቆጠረው።

መቼ ትለማመድ? ከሥራ ስትመለስ እራት አለ፣ የቤት ሥራ አለ፣ አራት ዓመት የሞላትን ትንሿን አሯሩጦ ማጠብ አለ (ይሄም ልምምድ ነው ትላለች)። የቀረው ሲነጋጋ ያለው ሰዓት ብቻ ነው። ልጆቹን ጥላ ደግሞ ከግቢ መውጣት አትችልም። ስለዚህ የሕንፃውን ግቢ ለመዞር ወሰነች፤ በየዙሩ በኩሽናዋ መስኮት ሥር ታልፋለች፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ቢሰበር ትሰማለች።

አንድ እሑድ ከሥራ ቦርሳዋ የልብስ መለኪያ ሜትሯንና ጠመኔዋን አወጣች። በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ሜትሩን እየዘረጋች፣ ጫፉ ላይ እየጫረች፣ ግቢውን ዙሪያውን ለካችው። ሁለት መቶ ጊዜ ዘረጋች። ጎረቤቱ ሁሉ በረንዳ ላይ ወጣ። ቀለበት ጠፍቶባት ነው ያለ አለ፣ መሬቱን ልትሸጠው ነው ያለ አለ፤ ጥበቃው ጭራሽ ሕንፃው ሊፈርስ ነው ወይ ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት። ሜትሩ መቶ ሃምሳ ሳንቲም ነው፤ ሁለት መቶ ጊዜ ሲዘረጋ ሦስት መቶ ሜትር። ሰባ ዙር ዞራ ትንሽ ፈቀቅ ካለች ግማሽ ማራቶን ሞላ ማለት ነው። ግድግዳው ላይ በትልቁ «300» ብላ ጻፈች።

ከዚያ ሩጫ ሆነ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ስድስት ዙር ሮጣ ስትጨርስ ጥበቃው ወንበሩን ለቀቀላት። በወሩ ሃያ ደረሰች። ልጁ ከእንቅልፉ ሲነሳ በመስኮት ብቅ ይልና ካልሲው የት እንዳለ ይጠይቃታል፤ መልሱ የሚደርሰው ዞራ ስትመለስ፣ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ነው። አልጋው ሥር ትለዋለች። የለም ይላታል፤ እሷ ሄዳለች። በሦስተኛው ዙር ካልሲው እግሩ ላይ ሆኖ ይገኛል። ታላቂቱ፣ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ የትንሿን ፀጉር እየጎነጎነች ዙር ትቆጥርላታለች። አንዳንዴ መርፌ የፈላውን ሻይ አውርዱ ብላ የምትጮኸው ሕንፃውን ሙሉ ያነቃል። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ጡረተኛው የስፖርት አስተማሪ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በረንዳቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ ክንድሽን አጥፊ፣ ትከሻሽን ጣይ ይሏታል። እሳቸው ራሳቸው የሮጡት ፊሽካው አዲስ በነበረ ጊዜ ነው።

በአራተኛው ወር፣ ውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሰባውን ዙር ዞረች። ሁለት ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ። አስተማሪው ፊሽካቸውን ነፉ፣ በረንዳው አጨበጨበ፣ የመርፌ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ደረጃ ላይ እትዬን አግኝታ አምስት ደቂቃ እንደሚተርፋት፣ በዚያችም መጨረሻው መስመር ላይ ቁጭ ብላ እትዬን እንደምትጠብቅ በአክብሮት ነገረቻት። እትዬ መሐረቧን አስተካክላ አለፈች።

ዘጠኝ ቀን ሲቀር ታላቂቱ የሒሳብ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። የጠረጴዛ ስፋት ለክታችሁ ኑ ተብለዋል። ከእናቷ ቦርሳ ሜትሩን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«እማ፣ ይሄ ሜትር ከአስር ነው እንዴ የሚጀምረው?»

መርፌ ድንች እየላጠች ነበር። ካውያ በልቶት ነው አለቻት፤ ከስድስት ዓመት በፊት ጫፉ ሲቃጠል ቆርጣ ጣለችው፣ አስር እየቀነሰች ትለካበታለች። እጇ ከመልመዱ የተነሳ አሁን ዓይኗ ራሱ ቀንሶ ነው የሚያየው። ስፌት ቤት ያለው ሜትር ሁሉ እንዲሁ ነው፤ አንዱ ከአምስት ይጀምራል፣ አንዱ ከሰባት፣ እያንዳንዷ የራሷን ታውቃለች፣ የሰው ሜትር የምትነካ የለችም።

ልጅቷ እርሳሷን አነሳች። «ግቢውን ስትለኪ ቀንሰሻል?»

ቢላዋው ድንቹ ላይ ቆመ። ጨርቅ ላይ አስር ትቀንሳለች፤ መሬት ላይ ግን ሜትሩን ከጫፍ ጫፍ እየዘረጋች ዝርግቱን ብቻ ነበር የቆጠረችው። አንድ መቶ አርባ፣ ሁለት መቶ ጊዜ። ሁለት መቶ ሰማንያ። በየዙሩ ሃያ ሜትር የለም፤ በሰባ ዙር አንድ ሺህ አራት መቶ ሜትር የለም። ልጅቷ በእርሳስ አሰላችው፣ እናትዬው ደግሞ ላለማመን ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ ደገመችው። ያልሮጠችው መንገድ አስር ደቂቃ ይፈጃል። አምስቱ ተርፎኛል ያለችው ነው። ሌላው አምስት ከየትም አይመጣም።

ባሏ የዚያን ዕለት ሲደውል ነገረችው። ደግ ሰው ነው፣ ክፉ አላሰበም፤ ዘንድሮ ይቅርብሽና ለሚመጣው ዓመት በደህና ሜትር ለክተሽ ትዘጋጂያለሽ አላት። «ለሚመጣው ዓመት ሹራብህን እጨርስልሃለሁ» አለችው። «ይሄን ግን አሁን ነው።»

ሲነጋ፣ ወሬው ቀድሟት ደረጃ ከመውጣቱ በፊት፣ ራሷ በረንዳው ሥር ቆማ አወጀችው። ሜትሬ ከአስር ነው የሚጀምረው፣ ረስቼው ነው፣ ሦስት መቶ ሜትር ያልኳችሁ ሦስት መቶ አይደለም፣ አምስት ደቂቃ እዘገያለሁ። ሌላ ጥያቄ ያለው? ከበረንዳው ሊያሟት ያሰበ ሁሉ የሚያማበት ነገር አለቀበት። አስተማሪው ብቻ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ አምስት ደቂቃ በስምንት ቀን እንደማይገኝ፣ ሳይንሱም እንደማይፈቅድ አስረዷት።

«ጋሼ፣ አልጠየቅኩዎትም፤ ነገርኩዎት እንጂ» አለችና ሦስት መቶውን በእጅጌዋ አጥፍታ ሁለት መቶ ሰማንያ ብላ ጻፈች። ሮጠችም።

የውድድሩ ቀን ባሏ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶበት አልደረሰም። ልጆቹን ማን ይያዝ ሲባል እትዬ ራሷ እኔ አለች። መጨረሻው መስመር ጋ ይዛቸው እንደምትቆም ተናገረች። ለልጆቹ ብላ ይሁን በዓይኗ ለማየት፣ ደረጃው እስከ ዛሬ ይከራከርበታል።

መርፌ የሰፋችውን ካናቴራ ለብሳ ጀመረች። እስከ አሥራ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ድረስ ጉዳይዋን እንደምታውቅ ሴት ሮጠች። ከዚያ ዳገት መጣ፤ ግቢዋ ውስጥ ዳገት የለም። ጭኗ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ከበዳት። አሥራ ስምንተኛው ላይ ሰብሳቢው አውቶብስ ከኋላዋ ደረሰ፤ እየተሳበ፣ የዘገየውን እየጫነ የሚመጣ ነው። መስኮቱ ሁሉ በቀላ ፊት ተሞልቷል። አስተናባሪው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ መንገዱ ሊከፈት ነው፣ እናቴ ይግቡ አላት።

«ወዴት ነው የምትወስደኝ?»

«መጨረሻው ጋ።»

«እኔም ወደዚያው ነኝ። አመሰግናለሁ» አለችና እግረኛ መንገዱ ላይ ወጣች።

እግረኛ መንገድ ላይ ለሯጭ የሚያጨበጭብ የለም። ሱቆች መዝጊያቸውን እያነሱ ነው። አንዱ ደጁን በውኃ ያጥባል፤ በላዩ ዘለለች። መድኃኒት ቤት ደጃፍ የተሰለፉትን ይቅርታ እያለች ሰነጠቀቻቸው። አንድ ባለ ሱቅ ሌባ የምታሳድድ መስሎት ምን ወሰደብሽ እያለ ትንሽ አብሯት ሮጠ፤ መልስ ቢያጣ ተመለሰ። ትንፋሿ ለወሬ አይበቃም ነበር፣ ለእሷ ይሄ ከዳገቱ የባሰ ነው። በጎኗ አውቶብሱ ቀስ ብሎ አለፈ፣ ከውስጥ ሰዎች አንገታቸውን አዙረው አዩዋት። ፊት ለፊት መብራት ላይ ሲቆም በሩ ሲደበደብ ተሰማ። ሁለት ወጣቶችና አንዲት ጠና ያለች ሴት ወረዱና፣ እሷ ስታልፍ ከኋላዋ መሮጥ ያዙ።

ስትደርስ በአየር የተነፋው በር ተንፍሶ መሬት ላይ ተጋድሟል። ሁለት ሰዎች የመጨረሻውን መስመር ምንጣፍ እየጠቀለሉ ነው። መርፌ ጥቅሉ ጋ እስክትደርስ አልጠበቀችም፣ ገና ከሩቅ ዘርጉት አለቻቸው፤ ድምፁ ሻይ አውርዱ የምትልበት ድምፅ ነበርና ሰዎቹ ሳያስቡት ዘረጉት። ረገጠችው። ሁለት ሰዓት ከሠላሳ ሦስት ደቂቃ።

ልጁ ሮጦ ስንተኛ እንደወጣች ጠየቃት። ዙሪያዋን አየች፤ ከአውቶብሱ የወረዱት ገና ከኋላ እየመጡ ነው። መጨረሻ እንኳ አልሆንኩም አለችው። እትዬ ትንሿን በትከሻዋ አስተኝታ ቀረበች።

«ሰዓቱ አልፏል እኮ። ይሄ አይቆጠርም።»

«እርስዎ አይቁጠሩት፣ እትዬ።»

ከዚያ ወደ መዝጋቢው ጠረጴዛ ሄደች። ሰውየው ገና ወረቀቱን ቦርሳ ውስጥ እያስገባ ነበር። ቁጥሬን ጻፍ አለችው። ቅጹ ተዘግቷል፣ ተፈርሞበታል፣ ከሥር መስመር የለም አላት። ከጀርባው አለ አለችው። የቅጽ ጀርባ ላይ እንደማይጻፍ ሊያስረዳት ጀመረ። መርፌ የሰው ማብራሪያ እስኪያልቅ መጠበቅ አራት ወር ተምራለች፤ አንድ እጇን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ፣ ላቧ ወረቀቱ ላይ እየተንጠባጠበ ቆመች። ሰውየው ወረቀቱን ከላቡ ለማዳን ገለበጠው። ስክሪብቶውንም አነሳ።

ስም አላት። ሰው የረሳውን ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ አስጻፈችው። ሰዓቱንም አስጻፈችው፣ ሦስቷን ደቂቃ ሳትደብቅ። ጽፎ ሊነሳ ሲል በመዳፏ ወረቀቱን ያዘችበት፤ ጠና ያለችው ሴት እያነከሰች ምንጣፉ ላይ ደርሳለች፣ ሁለቱ ወጣቶችም ከኋላዋ።

«ቁጭ በል» አለችው። «ጀርባው ሰፊ ነው።»