በቋጥኙ ላይ የሰገድኩት ሶላት

ከሚኒያፖሊስ ተነስተን ካሊፎርኒያ ያለችውን የባለቤቴን እህት ልንጠይቅ የሄድን ጊዜ፣ ባለቤቴ እኔንና ልጃችንን ባሕር ዳር ወዳለ የታሪክ ፓርክ ወሰደን። ድሮ መርከቦችን ይመራ የነበረውን የመብራት ማማ፣ የጠባቂውን አልጋና የሚስቱን ሳህኖች ሳይቀር አየን። ከዚያ ገደሉን ወርደን፣ ባሕሩ ወደ ኋላ ሲሸሽ በቋጥኞቹ መካከል ትቷቸው የሄደውን ትናንሽ ኩሬዎች ማየት ጀመርን። አንዱ ውስጥ ሸርጣን፣ አንዱ ውስጥ አበባ መስሎ ጣት ሲነካው የሚጨማደድ ፍጥረት። ሱብሐነላህ ስል ስል ፀሐይዋ ባሕሩን ልትነካ ደረሰች፤ እኔ ደግሞ አስርን፣ የከሰዓት በኋላውን ሶላት፣ አልሰገድኩም። ከጠለቀች አለፈኝ ማለት ነው።

ባለቤቴ ቀድሞ ሰግዷል። አየር ማረፊያ ታክሲ ስለሚነዳ መኪና ማቆሚያ ላይ መስገድ ለምዷል። ሰው በዛ ብዬ እምቢ ያልኩት እኔው ነኝ።

«መንገደኛ ነሽ፤ ሁለት ረከዓ ስገጂና እንሂድ» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ መንገደኛ አራቱን ረከዓ፣ አራቱን ዙር ስግደት፣ ወደ ሁለት ያሳጥራል። ግን አራት ቀን የሚቀመጥ ሰው መንገደኛነቱ ይቀራል ሲሉ ሰምቻለሁ። የመጣንበት ቀን ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም?

«ለጥንቃቄ አራት እሰግዳለሁ።»

«ያንቺ ጥንቃቄ አንድ ቀን ይጨርሰናል!»

ዉዱእ፣ ከሶላት በፊት ያለውን ትጥበት፣ ከባሕሩ አደረግኩ። የባሕር ውሃ እንደሚያጠራ አውቃለሁ፤ አፍ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚመስል ግን የነገረኝ የለም። ከሰው ራቅ ያለ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ መርጬ መስገጃዬን አነጠፍኩ፤ ከውሃው ሁለት እርምጃ። ስንት ዓመት ሐይቅ አጠገብ ኖሬያለሁ፤ የሚኒሶታ ሐይቅ ማታም ጠዋትም ያው ቦታው ላይ ነው። ቂብላው፣ የመካ አቅጣጫ፣ ወደ ገደሉ ስለሆነ ባሕሩን ጀርባ ሰጥቼ ጀመርኩ።

ሁለተኛው ረከዓ ላይ ተረከዜ ቀዘቀዘ። ሦስተኛው ላይ ጫማዬ በጎኔ አልፎ ሄደ።

«ማሚ፣ ዘ ዋተር!» ጮኸች ልጄ። «ማሚ፣ ሲሪየስሊ!»

«ተያት፤ ከጀመረች አታቋርጥም» አለ አባቷ እየሳቀ።

ጫማዬን በዓይኔ ስከተል ቁጥሩ ጠፋኝ። ሦስት ነው አራት? የተጠራጠረ ሰው ትንሹን ይዞ ይጨምራል። ጨመርኩ። ግንባሬን ስደፋ መስገጃው ራሱ ይንሳፈፍ ነበር።

የሶላቱን መዝጊያ ሰላምታ ሰጥቼ ስዞር ባለቤቴ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ጫማዬን ብብቱ ውስጥ ወትፎ ውሃው ውስጥ ቆሟል።

«ስንት ሰገድኩ?» አልኩት።

«አምስት!»

«እርግጠኛ ነህ?»

ልጄ ከዳር ሆና አምስት ጣቷን ዘረጋች። «ፋይቭ! አይ ካውንትድ!»

ተሳስቶ የጨመረ ሰው ሁለት ሱጁድ ይወርዳል፣ ግንባሩን ሁለት ጊዜ መሬት ያስነካል፤ ያውም ሳይቆይ።

«ላይ ወጥተሽ አድርጊው» አለኝ።

«እዚያ እስክደርስ ቢዘገይብኝስ?»

ባለቤቴ ሰማዩን አየ፤ ከዚያ እኔን። ከኋላዬ መጣና የቀሚሴን ጫፍ እጁ ላይ ሁለት ጊዜ ጠቀለለው።

«ውረጂ፣ እሜቴ፤ ይዤሻለሁ።»

ትንፋሼን ይዤ ወረድኩ።