አባቴ በሩን ያዘገየበት ጠዋት

አባቴ ሃያ ሁለት ዓመት የባሕር በር ጠባቂ ነበር። በር ስል ማጠፊያና ቁልፍ ያለው እንዳይመስላችሁ፤ የጠላት ሰርጓጅ መርከብ እንዳይገባ በባሕር ኃይሉ ወደብ አፍ ላይ የተዘረጋ የብረት መረብ ነው። መርከብ ሲመጣ አባቴ ሞተሩን ያስነሳል፣ ወፍራሙ የብረት ገመድ ይጠቀለላል፣ መረቡም ወደ ጎን ይሳባል። ከዚያ በፊት ግን ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በባዶ እጁ ይዳብሰዋል። አንዲት የተበጠሰች ሽቦ ከወጋችው አለቀ፤ እሷን ሳይጠግን ንጉሥ ቢመጣ አይከፍትም። ባልደረቦቹ "ዳብሴ" አሉትና ስሙ ሆኖ ቀረ። እናቴ እንኳ ስትናደድ በዚያው ነበር የምትጠራው።

በጦርነቱ ጊዜ አንድ ጠዋት ሦስት የጦር መርከቦች ከባሕር ተመልሰው ደጅ ቆሙ። ውስጥ ደግሞ አንድ መርከብ ለመውጣት ተራ ይጠብቃል፤ የአባቴ ታናሽ ወንድም የዚያ መርከብ ወጥ ሠሪ ነበር። ደንቡ ገቢ ይቀድማል፣ ወጪ ይከተላል ነው። አባቴ መዳበስ ጀመረ፤ ሽቦ ወጋው። አለቃው ስልክ ደወለ።

"ዳብሴ፣ ክፈት እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?"

"ሽቦ ተበጥሷል፣ ጌታዬ።"

"አንድ ሽቦ ምን ታመጣለች?"

"ምን እንደምታመጣ ስለማላውቅ እኮ ነው።" ስልኩን ዘጋው።

ጥገናው አርባ ደቂቃ ፈጀ። መፍቻውን ሲያስቀምጥ አውሮፕላኖቹ በኮረብታው ላይ ብቅ አሉ። በአንድ ሰዓት ውስጥ የጦር ሰፈሩ ከዳር እስከ ዳር ጭስ ሆነ። ደጅ የቆሙት ሦስቱ ዞረው ወደ ባሕሩ አመለጡ፤ ዘጠኝ መቶ ሰው ይዘው አንድም አልተጫረም። የአጎቴ መርከብ ግን በተዘጋው በር ፊት፣ አባቴ እያየ፣ ሰጠመ።

ስለዚያ ቀን ሰው ብዙ "ቢሆን ኖሮ" ያወራል። ጄኔራሎቹ ነቅተው ቢሆን ኖሮ፣ ደመና ቢኖር ኖሮ፤ ሻይ ቤት ውስጥ ጦርነቱን ያላሸነፈ የለም። የአባቴ "ቢሆን ኖሮ" ግን አንድ ብቻ ነበር። እሑድ እሑድ ቁርስ ከተነሣ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ሲባጎ ይዘረጋል፤ መረቡ ነው። ከሲባጎው ውጭ ሦስት ነጭ ቆርኪ፣ ከውስጥ አንድ ቀይ ያስቀምጣል። በሩን በሰዓቱ ይከፍታል። ነጮቹ ይገባሉ፣ ቀዩ ይወጣል፣ አውሮፕላን ይመጣል። ነጮቹን አንድ በአንድ ይደፋቸዋል። ከዚያ ሁሉንም ወደ ቦታው ይመልሳል።

ልጅ ሳለሁ ጨዋታ መስሎኝ ማን እንዳሸነፈ እጠይቀው ነበር። ሲገባኝ ግን መጠየቅ ተውኩ። እኛ ሽንኩርት የምንከትፍበት ጠረጴዛ ላይ የሺህ ሰው ዕድሜ ሲያልፍ እያየሁ ኖሬአለሁ። ያንን ሁሉ የያዘችው ከመርፌ የማትበልጥ ሽቦ መሆኗ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል፤ ያስፈራኛልም።

አርባውን ደቂቃ ለአጎቴ ሚስት ነግሯት አያውቅም። አውሮፕላኖቹ በሩ ከሚከፈትበት ሰዓት በፊት እንደመጡ ነበር የምታውቀው። "ከሰማች ዓይኔን አታይም" ይለኝ ነበር።

ከዚያ ጠዋት በሠላሳኛው ዓመት፣ አንድ እሑድ፣ የአጎቴ ሚስት ሳታንኳኳ ገባች። አባቴ ቆርኪዎቹን መሰብሰብ ጀመረና ተወው። ሁሉንም ነገራት። እሷ ቆማ ሰማችው።

"የሱ የትኛው ነው፣ ጋሼ?"

ቀዩን አሳያት። ሲባጎውን ወደ ጎን ሳበች፤ ቀዩንም አሻግራ፣ ከጠረጴዛው ጠርዝ አጠገብ፣ ባሕሩ ላይ አስቀመጠችው። ጣቷን ሳታነሣ ቆየች።

"እሱ እንዲወጣ እነዚህ መግባት አለባቸው?"

"አዎ።"

"ስንት ሰው ነበረባቸው?"

"ዘጠኝ መቶ።"

ሦስቱን ነጮች አንድ በአንድ ነካቻቸው። ከዚያ ቀዩን በመዳፏ ጨብጣ ከንፈሯ ላይ አደረገችው፣ ወደ ውስጥም መለሰችው።

"ይዝጉት፣ ጋሼ" አለችው።

አባቴ አልቻለም። ሲባጎውን ስባ ራሷ ዘጋችው።