ሙቀቱ ነው አልኳት

የንስሐ አባቴ ደጋግመው ጠይቀውኛል። "የቀረ ነገር የለም ወይ ልጄ?" ይሉኛል። "የለም አባቴ" እላለሁ፤ መስቀላቸውን ስሜ እወጣለሁ። ነበር። እስከ ዛሬም አለ። ለእሳቸው የደበቅሁትን ለማታውቁኝ ለእናንተ የምጽፈው ለምን እንደሆነ እንጃ። ምናልባት እናንተ ቤቴ መጥታችሁ ከሚስቴ እጅ ስለማትበሉ ይሆናል።

ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። አጻጻፌ ቢጓተት ታገሱኝ። ከወሎ ጋምቤላ የመጣሁት በጉርምስናዬ ነው፤ እዚሁ አገባሁ፣ እዚሁ ወለድኩ፣ እዚሁ ሸበትኩ። ዕድሜዬን በጥበቃ ሥራ ጨርሼ ጡረታ ወጣሁ። ሚስቴ አስካለ ትባላለች። ልጆቻችን አግብተው በየፊናቸው ሄደዋል።

ጡረታ በወጣሁበት ሰሞን፣ ትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ ለሠራተኞች ምግብ የሚያበስል ሰው እንደሚፈለግ አስካለ ሰማች። ሰኞ ሄዶ ዓርብ መመለስ ነው፤ አዳሩ እዚያው። እሷ ደግሞ ወጥ ስትሠራ እጇ ያውቃል። ልትመዘገብ ሄደች። ሰልፍ ላይ አንዲት ልጅ "እማማ፣ የራሽኑ ሰልፍ በዚያ በኩል ነው" አለቻት። እየሳቀች ነገረችኝ። ስቃ ስትጨርስ ሻሿን ፈታችና መስታወቱ ፊት ቆመች።

"እጄ እኮ አልሸበተም" አለች። "የሚያበስለው እጄ አይደለም እንዴ? ጭንቅላቴን ምን ሊያደርጉት ነው?"

ያም ሆኖ መዝግበዋት ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት መጥታ አብስላ እንድታሳይ ተነገራት። ከዚያ በፊት ፀጉሯን ልታጠቁር ወሰነች። "አንተ ዕቃ መምረጥ ታውቃለህ፣ ለስለስ ያለውን አምጣልኝ" ብላ ገበያ ላከችኝ።

ለስለስ ያለውን። ቃሏ ይኸው ነበር። አልረሳሁትም።

ሸምሱ የሚባል ባለሱቅ ደንበኛዬ ነበር። ቀለሙን አወጣና፣ ከቀለሙ ጋር የሚቀላቀለውን ነጭ ፈሳሽ በየጠርሙሱ ደረደረልኝ። በየጠርሙሱ ላይ ቁጥር አለ።

"ለማን ነው ጋሽ ይመር?"

"ለባለቤቴ።"

"እንግዲያ ይቺን አስሯን ውሰድ። ቀለም ትይዛለች፣ ቆዳ አትጎዳም። ሽበቱ እምቢ ካለ ሃያ ይበቃል። ከዚያ በላይ እንዳትወጣ።"

"ያኛውስ?"

"እሱ አርባ ነው። ጥቁሩን ፀጉር ቢጫ ለሚያደርጉት፣ ለፀጉር ቤት ሰዎች ነው። እቤት የሚነካ አይደለም፤ ራስ ይልጣል።"

እዚህ ላይ ነው የዋሸሁት። ፀጉር ቤት ያላት ዘመድ ልካኛለች፣ ለእሷ ደግሞ አርባውን ስጠኝ አልኩት። እኔ ፀጉር ቤት ያላት ዘመድ የለኝም። ሁለቱንም ጠቅልሎ ሰጠኝ። ባጃጅ ላይ ሁለቱን ጠርሙስ ጭኔ ላይ አድርጌ መጣሁ። እስከ ሰፈሬ ድረስ ልመርጥ እችል ነበር። ደጄ ስደርስ አስሩን ወንበሩ ላይ ትቼው ወረድኩ። ሾፌሩ ከኋላዬ "አባባ! ዕቃ ረሳህ!" አለኝ። ሰምቼዋለሁ። ጆሮዬ ያኔ ደህና ነበር። እንዳልሰማ ሆኜ በሩን ገፋሁ።

ለምን? ትሉኝ ይሆናል። በሌላ ወንድ ቀንቼ አይደለም፤ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የፈራሁት ባዶ ቤቱን ነው። ስንት ዓመት የሰው በር ስጠብቅ ኖሬ፣ አሁን ደግሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ የራሴን በር ብቻዬን ልጠብቅ? ይኼን አፍ አውጥቼ ብነግራት ትቀር ነበር ወይ? አላውቅም። አልጠየቅኋትም። ለካ ሰው "አትሂጂብኝ" ማለት አፍሮ ሚስቱን ያቃጥላል። ትንሽ ይቆጥቁጣት፣ "በቃ ይቅርብኝ" ትበል፣ ብዬ ነበር ያሰብኩት። ትንሽ ብዬ። ትንሹን የምለካው እኔ ነኝ እንዴ?

ግቢያችን ካለው ማንጎ ሥር አስቀመጥኳት። ሹሩባዋን ገና መፍታቷ ነበር፤ የራስ ቆዳዋ ሳስቷል። በፕላስቲክ ሳህን በራሴ እጅ በጠበጥኩ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ በራሴ እጅ ቀባሁ። ብዙም ሳይቆይ "ያቃጥላል" አለች።

"ሙቀቱ ነው" አልኳት።

ጋምቤላ ነውና አመነችኝ። እዚህ አገር ወተቱ ቢበላሽም ሙቀቱ ነው፣ ሰው ቢቆጣም ሙቀቱ ነው። ደግሞ "ኧረ ይመር፣ እየነደደኝ ነው" አለች። "ቀኑ ራሱ እሳት ነው፣ ትንሽ ታገሺ" አልኳት። የሻሿን ጫፍ ነክሳ ታገሰች። እኔን አምና ታገሰች። ጄሪካኑ አጠገቤ ነበር፣ ውሃ ሞልቶ። እጄን ብዘረጋ ይደርሳል። አልዘረጋሁም።

ስትጮህ ነው አርየት ከአጥር ወዲያ ዘላ የመጣችው። አርየት የአኙዋክ ልጅ ናት፣ ጎረቤታችን፣ ያኔ ገና ተማሪ። ጄሪካኑን አንስታ አስካለ ራስ ላይ ገለበጠችው። "አባባ! ሰው እየነደደ አንተ ቁጭ?" አለችኝ። እኔን ያየኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። እሷም ድንጋጤ መሰላት።

ፀጉሯ ከውሃው ጋር ወረደ። ቆዳዋ ውሃ ቋጠረ፣ ቆሰለ። ጤና ጣቢያ ተመላለስን። የምታበስልበት ቀን መጣ፤ ራሷን በፋሻ ጠቅልላ ተኝታ አለፈ። አለቀሰች። ስታለቅስ ያለችው ግን ይኼ ነው፦ "ጥፋቱ የኔ ነው፤ ውበት ብዬ አቆየሁት። አንተንም አስደነገጥኩህ።"

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። "አይዞሽ" ብቻ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ቁስሏን የማጥበው፣ ቅባት የምቀባው እኔ ሆንኩ። ሲድን ፀጉሯ በቀለ፤ ከጆሮዋ ኋላ ግን አውራ ጣት የምታህል ቦታ ራሰ በራ ሆና ቀረች። ስለ ቀለም አቀባብ ሸምሱን ሁሉን ነገር ጠየቅሁት፤ እሱ ግን አንድም ነገር ሳይጠይቀኝ አስረዳኝ። ያኔ ያየኝን አስተያየት አልረሳም። አሁን የሰፈሩ ሴቶች ቀለም ሲያምራቸው ወደ እኔ ይመጣሉ። "አባባ ይመር፣ ስንት ቁጥር ልግዛ?" ትንሹን ቁጥር፣ እላለሁ። መጀመሪያ ከጆሮ ኋላ ጠብ አድርጋችሁ ሁለት ቀን ጠብቁ። ሹሩባ በተፈታበት ቀን አይሆንም። የግንባሩን ዳር ቫዝሊን ቀቡ። ካቃጠለ፣ አትታገሱ። እጄን ይስማሉ።

አስካለም ለመጣ ለሄደው ታወራለች። የንስሐ አባታችን ቤታችን ሲመጡ "እሱ ባይኖር ዛሬ መላጣ ነበርኩ" አለቻቸው። እሳቸውም "እንዲህ ያለውን ትዳር ይባርክ" ብለው እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። ታዲያ በየት በኩል ልናገር? በሩን ሁሉ በምስጋና ዘጋችብኝ። ባዶ ቤት ፈርቼ ነበር። ይኸው ቤቱ ሞልቷል፤ አስካለ የትም አትሄድም፣ ጠዋትም ማታም አለች። እኔ ግን የምቀመጥበት አጣሁ። ብወጣም እንደታሰርኩ ነው፣ ብገባም እንደታሰርኩ ነው።

ባለፈው እሑድ አርየት መጣች። አሁን ሴት ወይዘሮ ሆናለች፤ ያለ ዕድሜዋ ሽበት ጣል ጣል አድርጎባታል። የጆሮዋን ኋላ አስቀድመን ሞክረን ደህና ሆኗል፤ ፈሳሹም አስሩ ነው። ማንጎው ሥር ቀባኋት። ትንሽ ቆይታ "አባባ፣ እዚህ ጋ ያቃጥላል" አለች።

አስካለ ደጃፉ ላይ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። ቀና ሳትል፣ በደግነት፣ "ሙቀቱ ነው የኔ ልጅ፣ ትንሽ ታገሺ" አለቻት።

ከመቀመጫዬ እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ጄሪካኑን አንስቼ አርየት ራስ ላይ አፈሰስኩት፣ ቀሚሷን ሁሉ አራስኩት። "ሙቀቱ አይደለም!" ብዬ ጮህኩ። "ካቃጠለ ሙቀት አይደለም! ይታጠባል!"

አርየት ሳቀች። "አባባ አበደ! አጠመቅኸኝ እኮ!" አለች። ቆዳዋ ምንም አልሆነም።

አስካለ አልሳቀችም። ጎመኑን ይዛ አየችኝ። ብዙ አየችኝ።

"ታዲያ ያኔስ?" አለች።

ጄሪካኑን ልሞላ ነው ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ አልደገመችውም። ምሳ ታቀርባለች፣ አልጋ ታነጥፋለች፣ እንደ ድሮው ነው። ሻሿን ግን እኔ ፊት መፍታት አቁማለች። ፀጉሬን እጠብልኝም አላለችኝም።

አርጅቼ ነበር፣ ፈርቼ ነበር፣ እወዳት ነበር ብል ሁሉም እውነት ነው፤ አንዱም ግን ጄሪካኑ አጠገቤ እንደነበር አይለውጠውም። ይቅርታ ከእናንተ አልለምንም፤ የእናንተ ራስ አልተቃጠለም። ከእሷም ብለምን መስጠት አለባት አልልም።

አሁን ማንጎው ሥር ተቀምጣ ጤፍ እያበጠረች ነው። እሷ ማንበብ አትችልም፤ ስለዚህ ይኼ ጽሑፍ መሸሸጊያ አይሆነኝም፤ በአፌ ነው የምነግራት። ወረቀቱን አስቀምጬ ልወጣ ነው። የምላት ረጅም አይደለም። ሙቀቱ አልነበረም አስካለ። እኔ ነበርኩ።