አማቴ የወደዱት የጎራዴ ፊልም

በጣልያን ጊዜ አማቴ ሲኒማ ወደዱ። ከዚያ በፊት እግራቸው ሲኒማ ቤት ረግጦ አያውቅም፤ እንዲያውም እንደ ብዙ የዘመናቸው ሰው የሰይጣን ቤት ነበር የሚሉት። የወደዱትም አንድ ፊልም ብቻ ነው። ጃፓኖች የሠሩት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰው በጎራዴ የሚተራረድበት ፊልም ነበር።

ባለቤቴ ለእናቱ አንድ ልጅ ነበር። በየካቲቱ ጭፍጨፋ ጊዜ የታመመ ጓደኛውን ሊጠይቅ ከቤት ወጣ። ከሌሎች ወንዶች ጋር ካሚዮን ላይ ሲጭኑት ያየች ጎረቤት መጥታ ነገረችን። ከዚያ በኋላ የሰማነው ነገር የለም። አስከሬን የለም፣ መቃብር የለም። በዚያ ሰሞን በግልጥ ለቅሶ መቀመጥ ስለሚያስፈራ በራችንን ዘግተን ተቀመጥን። አማቴ ድምፅ ሳያሰሙ ደረታቸውን ደቁ። እኔ አላለቀስኩም። እንባዬ እምቢ አለ እንዳልል፣ እምቢ የሚል ነገርም ውስጤ አልነበረም። ሽሮ ሠራሁ፣ ቤት ጠረግኩ፣ ተኛሁ።

ከርሞ፣ ቂርቆስ ካለው ቤታችን እየተነሣሁ ካዛንቺስ ልብስ ማጠብ ጀመርኩ። ጣልያኖች ለመንግሥታቸው ሠራተኞች አዲስ ቤት የሠሩበት ሰፈር ነው። የማጥብለት ሰው ብቻውን የሚኖር፣ መነጽር የሚያደርግ የቢሮ ሠራተኛ ነበር። ሸሚዙ አንገቱ ላይ ቶሎ ይቆሽሻል። ስለ እሱ የማውቀው ይህንኑ ነው።

የፊልሙን ወሬ የሰሙት አማቴ ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ጎልማሶች ቅጥሩ ሥር ቆመው ሲያወሩ፣ አንደኛው «ጃፓኑ የወንድሙን ደም መለሰ» ሲል ጆሯቸው ጥልቅ አለ። የጦርነት ወሬ መስሏቸው ጠጋ ብለው ጠየቁ።

«ሲኒማ ነው፣ እሜቴ» አላቸው ሰውየው።

ቤት እንደገባን ነጠላቸውን ሳያወልቁ፣ «ውሰጂኝ» አሉኝ።

«የት፣ እማማ?»

«ጃፓኑ ዘንድ።»

ከጦርነቱ በፊት ጃፓን ሲባል የምናውቀው አቡጀዲውን ነበር። አሁን የጣልያን ወዳጅ ሆኗል ይባላል፤ ፊልሙም የመጣው በዚያ ሳይሆን አይቀርም። ሲኒማ ቤቱ ከለገሃር ከፍ ብሎ ለአገሬው ሰው ለብቻው የተከፈተ ነው። ነጮቹ የሚገቡበት ሌላ ነበር። በሩ ላይ ካራቢኔር የሚሉት የጣልያን ፖሊስ ቆሟል፤ ውስጡ መደገፊያ የሌለው አግዳሚ ወንበር ብቻ ነው። አማቴ ተከናንበው ከፊት ተቀመጡ። ከወንዶቹ መሐል ጥቁር የለበሱ ሌሎች ሴቶችም ነበሩ።

ፊልሙ ድምፅ የለውም። ከሸራው ጎን አንድ አስተርጓሚ ቆሞ በአማርኛ ያስረዳል። የሁለት ወንድማማቾች ታሪክ ነው። ታላቁን ጉልበተኞች ወንዝ ዳር ይገድሉታል። ታናሹ ጎራዴውን ታጥቆ ገዳዮቹን አገር ላገር ይፈልጋል፤ አንድ በአንድም ያገኛቸዋል።

«ይህ ሽፍታ ነው» ይላል አስተርጓሚው፣ በሩ ላይ ወዳለው ጣልያን ቀና እያለ። «መንግሥት ሳይፈቅድለት ሰው ይገድላል።»

ጎራዴው በተሰነዘረ ቁጥር ግን ቤቱ ሙሉ ሰው ትንፋሹን ይይዛል፤ ደመኛው ሲወድቅ አንድ ላይ ይተነፍሳል። ደሙ ጥቁር ነው። አንገት ሲቆረጥ፣ እጅ ሲወድቅ፣ በወረቀት በር ላይ ደም ሲረጭ አየሁ። ምንም አልተሰማኝም። ያቺ ደም የተረጨባት በር ምን ያህል ብትታጠብ ይለቅቃታል ብዬ ማሰቤን ብቻ አስታውሳለሁ።

ስንወጣ የአማቴ እርምጃ ፈጠን ብሎ ነበር። ያን ቀን እራት በሉ። ልጃቸው ከተወሰደ ጀምሮ እንደዚያ ሲበሉ አላየኋቸውም።

በሚቀጥለው እሑድ ሄድን፤ ከዚያም ደግመን ሄድን። አንድ ጊዜ አጠገባችን የተቀመጠ ሽማግሌ ደመኛው ሲወድቅ ዝቅ ባለ ድምፅ «ጎሽ» አለ። ወዲያው ከኋላችን የሚያጨበጭብ ሰው ሰማን። ዞር ስንል ካራቢኔሩ ነው። በሩን ትቶ ገብቶ፣ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ፊቱ በርቶ ያያል።

አማቴ ረጅም ጊዜ አዩትና ወደ እኔ ዘንበል አሉ። «እሱ ደግሞ የማንን ደም ነው የሚመልሰው?»

«እንጃ፣ እማማ።»

«ደስ ብሎታል እኮ። እንደኛው።»

ቂርቆስ ልንደርስ ስንል፣ «የምታጥቢለት ሰውዬ ያን ጊዜ፣ በየካቲቱ፣ እዚህ ነበር?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«ጠይቂው።»

«በምን ቋንቋ?»

በማግስቱ ጠዋት ለሥራ ስነሣ ለብሰው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። አብሬሽ እሄዳለሁ አሉ። የሽንኩርት ቢላዋው ከቦታው እንደሌለ አይቻለሁ። ልከለክላቸው ይገባ ነበር፤ ልፈራም ይገባ ነበር። ሳሙናዬን በጨርቅ ጠቅልዬ ወጣሁ፤ እሳቸውም ተከተሉኝ።

ሰውየው ወባ ይዞት ቤት ቀርቷል። በሸሚዝ ብቻ ደረጃው ላይ ፀሐይ እየሞቀ ተቀምጧል፤ መነጽሩን አውልቋል፤ ፊቱ ቢጫ ነው። አማቴ ሄደው ፊት ለፊቱ ቆሙ። እጃቸው ነጠላቸው ውስጥ ነው። እኔ ባልዲውን ይዤ ቆምኩ።

አማቴ የልጃቸውን ስም ጠሩ። ጮክ አላሉም፤ ቁርጥ አድርገው ጠሩት። ሰውየው ዓይኑን ጨፈን ከፈት እያደረገ አያቸው፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

ደግመው ጠሩት።

የተጠማች አሮጊት መስለውት ይመስለኛል። እየተንቀጠቀጠ ተነሥቶ ገባና በብርጭቆ ውሃ ይዞ ወጣ። አማቴ ብርጭቆውን አዩት። አልተቀበሉም። ዞረው ወደ ቤት ሄዱ። እኔ ልብሱን አጥቤ፣ አስጥቼ፣ በሰዓቴ ተመለስኩ።

ስገባ ሽንኩርት እየከተፉ ነበር።

«አላወቀውም» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«ምናልባት እሱ ላይሆን ይችላል፣ እማማ።»

«ቢሆንም አያውቀውም። በሲኒማው እኮ ሟቹ ያውቃል። ጃፓኑ የወንድሙን ስም ሲጠራበት የገዳዩ ፊት ይለወጣል፤ ለምን እንደሚሞት ገብቶት ነው የሚሞተው። እኔ ለዚያች ፊት ነበር የምሄደው።» ሽንኩርቱን ድስት ውስጥ ጨመሩ። «እነዚህ የልጄን ስም እንኳ አልጠየቁትም። ማንን ገደልን ብለው ፊታቸው ይለወጥ?»

ሲኒማ ከዚያ ወዲያ ውሰጂኝ ብለውኝ አያውቁም። ጎልማሶቹ ሌላ የጎራዴ ፊልም መጣ ሲሉ ሰምተው አልፈዋል።

ጣልያን ተሸንፎ እስረኞቹን በባቡር ሲወስዷቸው ሰው ሁሉ ለማየት ለገሃር ወረደ። እኛም ሄድን። የሚሳደብ ነበር፣ የሚያለቅስም ነበር። እስረኞቹ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው፣ የፊተኛውን ሰው ጀርባ እያዩ አለፉ። የማጥብለት ሰው ከመካከላቸው ይኑር አይኑር አልለየሁም። አማቴ መጨረሻው እስኪያልፍ ቆመው ቆዩና፣ «ጉልበቴን አሞኛል፣ እንሂድ» አሉ።

ብዙም ሳይቆይ ካዛንቺስ ያሉት ቤቶች ውስጥ እንግሊዞች ገቡ። ለሥራ ተጠርቼ ሄድኩ። አመሻሽ ላይ ስመለስ አማቴ፣ «እነዚህስ እንዴት ናቸው?» አሉኝ።

«ሳሙናቸው ይሻላል» አልኳቸው፤ እራት አቀረብኩ፤ በላን።