የዝምታዬ ሐኪሞች

ልጄ ሰላማዊት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥነ ልቦና ታስተምራለች። ባለፈው ቅዳሜ ልትጠይቀኝ መጥታ የሰኞውን ትምህርቷን ስታዘጋጅ፣ እኔ አጠገቧ ምስር እለቅም ነበር። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነው የምታነብበው፤ ከልጅነቷ እንዲያ ናት። ሰው ለምን እንዲህ ይሆናል ቢባል ሊቃውንቱ አይስማሙም አለች። አንዱ፣ ጠባይ በሽልማትና በቅጣት የሚለመድ ነው ይላል። ሌላው፣ በልጅነት የተቀበረ ነገር ነው ይላል። አካሉን መርምሩ የሚል አለ፤ የሚያስበውን ጠይቁት የሚል አለ። ሰውን እንዳለ ተቀበሉት፣ ያን ጊዜ ራሱ ይቃናል የሚልም አለ።

"እነዚህን ሰዎች አውቃቸዋለሁ" አልኋት።

"የትኞቹን?"

"ሁሉንም። የአባትሽ ቤት ሰዎች ናቸው።"

ሳቀች። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም።

የተዳርሁት በጃንሆይ ዘመን፣ በጥር፣ ትክል ድንጋይ ከሚባል አገራችን ወደ ጎንደር ነው። የባለቤቴ አባት መሪጌታ ነበሩ፤ ቤታቸው ከደብሩ አጥር ሥር ሆኖ ቀኑን ሙሉ የተማሪ ዜማ ይሰማበታል። ባለቤቴ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር። እኔ በአባቴ ቤት ለፍላፊ ነበርሁ። በሠርጌ ዋዜማ አባቴ ለብቻዬ ጠርቶ፣ "የምትሄጂው ከካህናት ቤት ነው። እስካሁን የለፈለፍሽው ይበቃል፤ አፍሽ እንዳያሳፍረኝ" አለኝ። በቁጣ አልነበረም፤ ጉንጬን ስሞ ነው ያለኝ። እኔ ግን እንደ ግዝት ያዝሁት።

በዚያን ጊዜ ሙሽራ በአማቶቿ ፊት ዓይኗን ሰብራ፣ ድምፅዋን ውጣ መክረሟ ወግ ነው። ስለዚህ ዝም ስል ሁሉም ደስ አላቸው። "ሸጋ ልጅ፣ ጨዋ ልጅ" ተባልሁ። ጎረቤቱ ለሴት ልጆቹ ምሳሌ አደረገኝ። የወጉ ጊዜ አለፈና ሁዳዴ ገባ። ያን ጊዜ ልናገር ብዬ አፌን ብከፍት ድምፅ የለም። ለባለቤቴም የምመልስለት ራሴን በመነቅነቅ ነበር። ጨዋነቴ ሕመም መሆኑን ማንም ሳያውቅ ስንት ጊዜ ሄደ።

መጀመሪያ የተነሡት የመሪጌታ ወንድም አያ ውቤ ናቸው። በበቅሎ ጭነት የሚተዳደሩ ሰው ነበሩ። "ምነው እንዲህ ተጨነቃችሁ?" አሉ። "በቅሎም እንዲሁ ናት። አፏን ከፍታ እስክትጠይቅ እህል አታቅርቡላት፤ ስትጠይቅ ጨምሩላት። ትለምዳለች።"

እህሉ ቀረ። ጾም ነውና እኔም እሰየው ብዬ ጾምሁ። መሪጌታ ነገሩን ሳያውቁ፣ "ይቺ ልጅ ከኛ ደብተራዎች ትበልጣለች" እያሉ ያመሰግኑኛል። አማቴ እሜቴ ዘነቡ ደግሞ ጓዳ ጠርተው በተልባ የራሰ እንጀራ በእጄ ያስይዙኛል። የአያ ውቤ ትምህርት በዚያው ፈረሰ።

ቀጥሎ በሐኪም ቤት ቁስል የሚያጥበው ድሬሰሩ ታደሰ፣ የባለቤቴ ያጎት ልጅ፣ መጣ። ምላሴን በማንኪያ ተጭኖ በባትሪ ጉሮሮዬን አየ። "አንዳች የለባትም፤ ደም ሳያንሳት አይቀርም" ብሎ ቀይ ክኒን ሰጠኝ። ክኒኑ ጉልበቴን መለሰው፤ ድምፄን አልመለሰውም።

መሪጌታ ጸበል ወሰዱኝ። ልጄ እዚህ ላይ፣ "አያቴማ በመጽሐፉ የሉም" አለችኝ። በኔ መጽሐፍ አሉ። ውሃው በጠዋት ብርድ ሲወርድብኝ ድምፅ አልወጣኝም፤ ልቤ ግን ቀለለው። ስሙ ይመስገን።

እትዬ ዘይነብ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ጨርቅ የሚነግዱ፣ ነገር የሚገባቸው ሴት። አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ለእሜቴ፣ "ይቺ ልጅ ዛሬ አይደለም ዝም ያለችው። ከመምጣቷ በፊት አፏን የዘጋባት አለ" ሲሏቸው ከውስጥ ሰማሁ። እንባዬ መጣ። ለምን እንደመጣ አላወቅሁም።

ፋሲካ አለፈ። ጋብቻችን በቁርባን ሳይሆን በሰማንያ ነበርና ይፈርሳል። መሪጌታ ከሽማግሎች መክረው፣ "ለአባቷ እንመልሳት፤ እዚያው ትታከም" አሉ። ባለቤቴ አንገቱን ደፋ፤ ለአባቱ ቃል መልሶ አያውቅም። የተመለሰች ሙሽራ ምን እንደምትባል አውቃለሁ። አባቴን ሊያሳፍረው የተነሣው አፌ ሳይሆን ዝምታዬ ሆነ።

አያ ውቤ በቅሏቸውን ሲጭኑ እሜቴ ዘነቡ ተነሡ። "በእልልታ ያመጣናትን ልጅ ከጭነት ጋር አንልክም። እኔ አደርሳታለሁ።"

"በእግርሽ?" አሉ አያ ውቤ።

"እግዜር እግር የሰጠኝ ለጌጥ ነው?"

ማልደን ወጣን። ምድሩ ደርቆ አቧራው እንደ ዱቄት ነበር። መንገዱ ጠባብ ነውና እሜቴ ፊት፣ እኔ ኋላ። ቆሎ በትከሻቸው ላይ አሳልፈው ይሰጡኛል እንጂ ዞረው አያዩኝም። ምንም አልጠየቁኝም። የራሳቸውን ያወራሉ።

"እኔ ስመጣ አፌ አያርፍም ነበር። አማቴ 'ይቺ ወፍጮ' ይሉኝ ነበር። መሪጌታ ከኔ ወሬ ሸሽተው ነው ቅኔ ቤት የከረሙት።" ጥቂት ሄደው ደግሞ፣ "አንቺ ብትናገሪም ባትናገሪም ልጄ ነሽ" አሉ፤ ስለ መንገዱ እንደሚያወሩ ሁሉ።

አንድ ቁልቁለት ላይ ነጠላቸውን የቀጋ እሾህ ያዘው። እሳቸው አላወቁም፤ ሊቀደድ ነው።

"እሜቴ፣ ነጠላዎን እሾህ ይዞታል።"

ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ፤ ደርቋል፣ ሻክሯል። እሜቴ ቆሙ። አልዞሩም።

"ታዲያ አላቅቂልኝ።"

አላቀቅሁት።

"ቀደደው?"

"ጥቂት።"

"ይሰፋል" ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ ስለ ነጠላው፣ ስለ ፀሐዩ ተነጋገርን። በኋላ የአባቴን ቃል ነገርኋቸው፤ አንድ ቃል ከተናገርሁ ሁሉም የሚያፍርብኝ ይመስለኝ እንደነበር። ጀርባቸውን እያየሁ ነው የነገርኋቸው። "እህ" ብቻ ይሉ ነበር።

አባቴ ደጅ ላይ ሲያየን ፊቱ ተለወጠ። አማት ሙሽራ ይዛ ስትመጣ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

"እንኳን አደረስዎ" አሉ እሜቴ። "ለበዓሉ ልንጠይቅዎ መጣን።"

አባቴ ትንፋሹ ተመለሰ። "ልጄ አላስቸገረችዎ? አፏ እንደሆን..."

"እሷማ ዝም አትልም። መንገዱን በወሬ አሳጠረችልኝ። እንዳይከለክሉብኝ፤ ቤቴ ጭር ያለ ነው፣ ወሬ እወዳለሁ።"

ዶሮውን በልተን፣ አርፈን ተመለስን። መሪጌታ ደጃፉ ላይ "እንደምን ዋሉ" ስላቸው አማተቡ። "ጸበሉ ሠራ" አሉ። ታደሰ "ክኒኑ ነው" አለ። አያ ውቤ፣ "መባረር ሲመጣ ለመደች፤ ብያችሁ ነበር" አሉ። ባለቤቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አለቀሰ። እሜቴ ማንንም አልተቃወሙም። "ሁላችሁም ደክማችሁላታል" አሉ።

ሰላማዊት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ "እሺ እማዬ፣ እሜቴን ከየትኞቹ ልመድባቸው?" አለችኝ።

አሰብሁ። አያ ውቤም ሐሰት አልተናገሩም፤ ዝምታ ይለመዳል። እትዬ ዘይነብም አውቀዋል። የታደሰም ክኒን ባይኖር ያን መንገድ በእግሬ አልሄደውም ነበር። እሜቴ ግን ስለኔ ምንም አላሉም፤ አብረውኝ ሄዱ እንጂ። በቅዳሴ የሙታን ስም ሲነሣ ከእናቴ ቀጥዬ የማነሣው የእሳቸውን ስም ነው።

"እኔ አልመድባቸውም" አልኋት። "ተማሪዎችሽ ይከራከሩበት።"

"ሰኞ እነግራቸዋለሁ።"

"ንገሪያቸው። ልጅቱ እዚያው ከአማቷ ቤት ቀረች በያቸው።"